ከሳህን እስከ ጫማ፦ ቪጋን ሆኖ ለመኖር ዝርዝር መመሪያ

አንዲት ጓደኛዬ ቪጋን ለመሆን የወሰነችው እሁድ ማታ ነው። ሰኞ ጠዋት ሥጋውን፣ እንቁላሉን፣ ወተቱንና አይቡን ከማቀዝቀዣዋ አውጥታ ለጎረቤት ሰጠች። ጥሩ። በቦታው ምን አስገባች? ምንም። ሰላጣ በዳቦ ስትበላ ሰነበተች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ራሷን ያዞራት ጀመር። «ሰውነቴ እምቢ አለኝ» ብላ ተወችው። ሰውነቷ እምቢ ያለው ግን ቪጋንነትን አልነበረም፤ ረሃብን ነው።

ጀምረው የሚያቆሙ ብዙ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው። ማውጣቱን ያውቁበታል፤ መተካቱን ግን ይረሱታል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ አንድ ጥያቄ በእጃችሁ ያዙ፦ ይህን ካወጣሁ በምን እተካዋለሁ?

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ትርጉሙን እንለይ

ቬጅቴሪያን ሥጋና ዓሣ አይበላም። ወተት፣ አይብ፣ እንቁላልና ማር ግን ሊበላ ይችላል። ቪጋን እነዚህንም ይተዋል። እዚያም ላይ አያቆምም፤ የቆዳ ጫማ፣ የሱፍ ሹራብ፣ የሐር ሻርፕ፣ በእንስሳት ላይ የተሞከረ ሻምፑ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ነገሩ የምግብ ዝርዝር ብቻ አይደለም። ከእንስሳት ጋር ያለንን ግንኙነት የሚመለከት ነው።

ቃሉ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ ነው። ዶናልድ ዋትሰን የሚባል የእንጨት ሥራ አስተማሪና ጥቂት ሰዎች ወተትና እንቁላል የማይነኩ ቬጅቴሪያኖች ነበሩ። የራሳቸው ስም ፈለጉ። ቬጅቴሪያን ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያዎቹን 3 እና የመጨረሻዎቹን 2 ፊደላት ወስደው ገጠሟቸው፤ ቪጋን ሆነ። ሐሳቡ ግን ከቃሉ በጣም ይቀድማል። ከ973 እስከ 1057 የኖረው ዓይነ ስውሩ የአረብ ባለቅኔ አል መዓሪ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ማርም ትቶ ነበር። ስለ ማሩ ያቀረበው ምክንያት ደስ ይለኛል፦ ንቦቹ ያከማቹት ለሌላ ሰው ብለው አይደለም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ። ሥጋው ይሁን፤ ወተቱና እንቁላሉ ምን አደረጉ? እንስሳው አይታረድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ላም ወተት የምትሰጠው ስለወለደች ነው። ወተቷ እንዲቀጥል በየጊዜው መውለድ አለባት። በትልልቅ የወተት እርባታዎች ጥጃው ብዙውን ጊዜ በተወለደ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ከእናቱ ይለያል። ወንድ ከሆነ ደግሞ ወተት ስለማይሰጥ መጨረሻው በአብዛኛው ሥጋ ነው። እንቁላል ላይም ተመሳሳይ ነው። ለእንቁላል የሚረቡ ዝርያዎች ወንድ ጫጩት አይጥልም፣ ለሥጋም ቶሎ አይወፍርም። ስለዚህ በተፈለፈለበት ቀን ይገደላል። ጀርመን ይህን ከ2022 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ በአብዛኛው ዓለም ግን አሁንም የተለመደ ነው።

የራሳችሁን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ለእንስሳት ብሎ የሚጀምር አለ፣ ለጤና የሚጀምር አለ፣ ለምድር ብሎ የሚጀምርም አለ። በ2018 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ትልቅ ጥናት ዓለም የእንስሳት ምርት ቢተው ለእርሻ የሚውለው መሬት በ76 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስልቷል። ምክንያታችሁ የምትሄዱበትን ርቀት ይወስናል። ለጤናው ብቻ የመጣ ሰው ስለ ቆዳ ቀበቶው ላይጨነቅ ይችላል። ለእንስሳት የመጣ ሰው ግን ይጨነቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። እነ ዋትሰን የመሠረቱት ማኅበር ዛሬ በሚጠቀምበት ትርጓሜ ውስጥ «የሚቻለውንና በተግባር የሚሆነውን ያህል» የሚል ሐረግ አለ። እኔ ይህን ሐረግ እንደ ሰበብ አላየውም። ሰው ከነኑሮው እንዲገባበት የተከፈተ በር ነው።

ደረጃ 2፦ ወጥ ቤቱ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ለቪጋን መመሪያ የሚሆን ተረት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምክሩ ግን ትክክል ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ የበላችሁትን ጻፉ፤ ምንም አትለውጡ። በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱን እዩት። ከምትበሉት ውስጥ ሳታውቁት ቪጋን የሆነ ነገር ታገኛላችሁ፤ ሩዝ በምስር፣ ፓስታ በቲማቲም፣ ኦቾሎኒ፣ ፍራፍሬ። አንድ ነገር ብቻ ብትቀይሩለት ቪጋን የሚሆንም አለ፤ በቅቤ ፋንታ ዘይት፣ በላም ወተት ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት። ከእነዚህ ጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቁርሱን፣ በሁለተኛው ምሳውን፣ እያለ ይቀጥላል። በአንድ ቀን ገልብጠው የተሳካላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ለማንም አልመክርም።

ከዚያ ጥራጥሬን የቤታችሁ አለቃ አድርጉት። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ቦሎቄ፣ አኩሪ አተር። «ፕሮቲኑን ከየት ታገኛለህ?» ለሚለው የማያልቅ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ጤነኛ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም መሆኑ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ብቻ 18 ግራም አካባቢ ይሰጣል። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን አካል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በሱ ሀብታም ነው። ሁለቱን በአንድ ሳህን ማሟላት ግዴታ አይደለም፤ በቀኑ ውስጥ ከተገኙ ይበቃል።

ጥራጥሬ መቀቀል ትንሽ ነገር ይመስላል። የሚሰለቸው ግን ይኸው ነው፤ ስለዚህ በደንብ እንየው። ሁለት ኩባያ ሽምብራ ማታ በብዙ ውሃ ዘፍዝፉ። ጠዋት እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያንን ውሃ ድፉት። በአዲስ ውሃ ቀቅሉት። አረፋው ሲነሳ በጭልፋ ግፈፉት። ሲበስል አንዷን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ጫን ስትሏት ሳትታገል ትፈርሳለች። ከታገለች ገና ነው። ግማሹን ለዛሬ አስቀሩ፤ ግማሹን በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ደክሟችሁ የምትገቡበት ማክሰኞ ማታ የሚያድናችሁ ያ ዕቃ ነው።

የተቀቀለበትን ውሃ ግን እንዳትደፉት! ሲቀዘቅዝ ወፈር ይላል፣ እንደ እንቁላል ነጭ ይዝለገለጋል። በመምቻ ማሽን ስትመቱት መጀመሪያ የሳሙና ውሃ ይመስላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጭ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም አረፋ ይሆናል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳህኑን ገልብጬ አለመፍሰሱን አረጋግጫለሁ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የዚህ ውሃ አንድ እንቁላልን ይተካል። ለኬክና ለብስኩት ደግሞ ተልባም ይሠራል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት። ያያይዛል።

ቀይ ቦሎቄ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ጥሬው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው። ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውሃ በደንብ እየተንፈቀፈቀ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መፍላት አለበት። በዝቅተኛ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በሚያበስል ድስት ውስጥ ጥሬውን መክተት ከጥሬው ሊብስ ይችላል።

ሆድ መንፋቱስ? ይኖራል። አንጀታችሁ ያን ያህል አሰር አልለመደም። በትንሹ ጀምሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሳምንታት ስጡት። ምስር ክክ ከሙሉ ባቄላ ይልቅ ይቀላል።

ወተት ስትመርጡ ሁሉንም አንድ አድርጋችሁ አትዩ። በፕሮቲን ለላም ወተት የሚቀርበው የአኩሪ አተር ወተት ነው። የአልመንድና የሩዝ ወተት ፕሮቲናቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቡና ላይ የአኩሪ አተር ወተት ተቆራርጦ ካስቸገራችሁ ጥፋቱ የሙቀቱና የቡናው ኮምጣጣነት ነው። ወተቱን ለብ አድርጉትና ቡናውን በላዩ ላይ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ሥጋ ሲናፍቃችሁ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። ብዙ ጊዜ የሚናፍቀው ሥጋው ሳይሆን ጨው፣ ቅባትና ጠበስ ያለው ጣዕም ነው። ሽንኩርቱን ቡናማ እስኪሆን አቁላሉት። የቲማቲም ድልህ በዘይት እስኪጠቁር ጥበሱ። እንጉዳይ ሲጠበስ ድስቱን አታጨናንቁት፤ ከተጨናነቀ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ደረጃ 3፦ ቢ 12፣ ቀልድ የሌለበት ቦታ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ቫይታሚን ቢ 12ን የሚሠራው እንስሳም ተክልም አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። ላሟ ሆድ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሠሩላታል፤ ሰው ደግሞ ከሥጋዋና ከወተቷ ያገኘዋል። አትክልት ላይ የሚታመን ቢ 12 የለም። «ስፒሩሊና (ውሃ ውስጥ ከሚበቅል አረንጓዴ ነገር የሚሠራ ዱቄት) እወስዳለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ንገሩት፤ እዚያ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሰውነታችን የማይጠቀምበት ቢ 12 መሳይ ነው።

ክፋቱ ቶሎ አለመታወቁ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሰው አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ምንም ሳይሆን ይቆይና «አየህ፣ አያስፈልግም» ይላል። ከዚያ ድካሙ ይመጣል። እጅና እግር መደንዘዝና መውረር፣ የምላስ መቁሰል፣ መርሳት ይከተላል። ከቆየ የነርቩ ጉዳት ላይመለስ ይችላል። አትክልት የሚበላ ሰው ደግሞ ፎሌት የሚባለውን ሌላ ቢ ቫይታሚን አያጣም። ፎሌቱ የደም ማነሱን ስለሚሸፍነው ነርቩ በዝምታ ይጎዳል።

አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ገደማ ነው። እንክብሉ ላይ ግን 2,000 ተጽፎ ስታዩ አትደንግጡ። ሰውነት በአንድ ጊዜ በተለመደው መንገድ የሚቀበለው ወደ 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ከቀረው ውስጥ 1 በመቶ ያህሉ ብቻ በራሱ ሰርጎ ይገባል። አስሉት፤ የ2,000 1 በመቶ 20 ነው። ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 3 ይጠጋል። የእንግሊዙ ቪጋን ማኅበር ምክርም ከዚህ ጋር ይሄዳል፦ በየቀኑ ቢያንስ 10 ማይክሮግራም፣ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያንስ 2,000። እኔ ሳምንታዊውን መርጬ ስልኬ ላይ ማንቂያ ሞልቼለታለሁ። ሰው መድኃኒት የሚረሳው ሳይታመም ነው።

ከተቻለ ሳትጀምሩ ደማችሁን ተመርመሩ። ቢ 12፣ የብረት ክምችትና ቫይታሚን ዲ ይታዩ። በዓመቱ ስትደግሙት የምታወዳድሩበት ቁጥር ይኖራችኋል።

ደረጃ 4፦ የቀሩት ንጥረ ነገሮች

ብረት ምስር፣ ባቄላና ቅጠላ ቅጠል ውስጥ አለ። ከሥጋው ይልቅ ግን አንጀት ለመቀበል ያቅማማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቁ፣ ወይም ቃሪያና ቲማቲም አብራችሁ ብሉ። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስገባዋል። ሻይና ቡና በተቃራኒው ያስቀሩታል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት አርቋቸው። ለብዙዎቻችን ከባዱ ይህ ነው!

ካልሲየም በቀን 1,000 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልጋል። ስፒናች ብዙ አለው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ኦክሳሌት የሚባለው ነገር ይዞት ስለሚቀር ሰውነት የሚያገኘው ትንሽ ነው። ጎመን ይሻላል። በካልሲየም የረጋ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) እና ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተትም አሉ። ካርቶኑን ሳትነቀንቁ አትቅዱ፤ ካልሲየሙ ታች ይዘቅጣል።

አዮዲን፦ አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ፣ በቃ። ኦሜጋ 3 (ሰውነት የሚፈልገው የቅባት ዓይነት)፦ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ። ሙሉ ፍሬው እንደገባ ይወጣል፤ መፈጨት አለበት። ከዓሣ የሚገኘውን ዓይነት የሚፈልግ ከአልጌ (ውሃ ውስጥ ከሚበቅል ተክል መሰል ነገር) የተሠራ ዘይት አለለት። ዓሣውም ቢሆን መነሻው ያው አልጌ ነው። ቫይታሚን ዲ ስትገዙ ዲ 3 ብዙ ጊዜ ከበግ ሱፍ ቅባት እንደሚሠራ ዕወቁ፤ ዲ 2 ወይም ከላይክን (ዛፍና ድንጋይ ላይ ከሚበቅል ተክል መሰል ነገር) የተሠራ ዲ 3 ፈልጉ።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም ሕፃን ካለ ይህን ብቻ አንብቦ መጀመር አይቻልም። አመጋገብ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። የሩዝ ወይም የአልመንድ ወተት ለሕፃን የእናት ጡት ወይም የፎርሙላ ምትክ አይሆንም፤ ይህ ላይ ድርድር የለም።

ደረጃ 5፦ የማሸጊያው ጀርባ

አንድ የብስኩት ማሸጊያ አንሱና ገልብጡት። ዝርዝሩ ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው የሚሄደው። ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፤ እስካሁን ሰላም ነው። ቀጥሎ «ዌይ ፓውደር»። ያ አይብ ሲሠራ የሚቀረው አጓት ነው። ካዜይን ካለ የወተት ፕሮቲን ነው። ጄላቲን ከአጥንትና ከቆዳ ይወጣል፤ ማርሽማሎውና ብዙ ላስቲክ መሰል ከረሜላ ውስጥ አለ። ኢ ከቁጥር ጋር ስታዩ ምግቡ ላይ የተጨመረ ነገር መለያ ነው። ኢ120 ካርሚን ነው፤ ቁልቋል ላይ ከሚኖር ትንሽ ነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም። ኢ901 የንብ ሰም፣ ኢ904 ደግሞ ከነፍሳት የሚገኝ ማብረቂያ ነው። ኢ471 ከተክልም ከእንስሳም ሊሆን ስለሚችል አምራቹን ካልጠየቃችሁ አይታወቅም።

ሁለት ማታለያዎች አሉ። «ላክቶስ የለውም» ማለት ቪጋን ማለት አይደለም፤ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ተሰባብሮ ወተቱ እዚያው ነው። «ወተት የሌለው» የተባለ የቡና ማንጫ ዱቄትም ካዜይን ሊኖረው ይችላል። በተቃራኒው «የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ አለርጂ ላለበት ሰው የተጻፈ ነው። በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ነገር ይመረታል ማለት ነው እንጂ ወተት ገብቶበታል ማለት አይደለም። እኔ እበላዋለሁ።

አንዳንድ ወይንና ቢራ በዓሣ ፊኛ ወይም በእንቁላል ነጭ ይጣራል። አንዳንድ የሸንኮራ ስኳርም በአጥንት ከሰል ይነጣል። ይህን የሚከታተሉ አሉ፣ አከብራቸዋለሁ። ለጀማሪ ግን እዚህ ላይ እንቅልፍ ማጣት አያዋጣም።

ደረጃ 6፦ ቁም ሳጥኑና መታጠቢያ ቤቱ

ቆዳ፣ ሱፍ፣ ፀጉር፣ የላባ ጃኬትና ትራስ፣ ሐር። ሐር ብዙዎችን ይገርማቸዋል፤ ክሩ ሳይበጠስ እንዲወጣ ትሉ ከነቤቱ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ይገደላል። በምትኩ ጥጥ፣ ተልባ እግር፣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ አለ።

ያላችሁን የቆዳ ጫማ ጣሉ የሚል ሰው አትስሙ። እስኪያልቅ አድርጉት፤ ቀጣዩን ስትገዙ ቀይሩ። ርካሽ አርቴፊሻል ቆዳ በስድስት ወሩ ከተሰነጠቀ በኋላ ሌላ መግዛታችሁ አይቀርም። ስለዚህ ደህና ሸራ ጫማ የተሻለ ነው።

መዋቢያ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ። በእንስሳ ላይ ተሞክሯል ወይ? ውስጡስ ከእንስሳ የመጣ ነገር አለ ወይ? የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ ከ2013 ጀምሮ ከልክሏል። ሆኖም ያልተሞከረ ሊፒስቲክ ካርሚን ሊኖረው ይችላል። ሁለቱንም ተመልከቱ።

ደረጃ 7፦ ሰዎች

ምግቡን ከለመዳችሁ በኋላ የሚከብደው ይሄ ነው። ግብዣ ስትጠሩ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ሰው ሠርቶ ካቀረበ በኋላ «አልበላም» ማለት ያስቀይማል። ለሁሉም የሚበቃ አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ሬስቶራንት ውስጥ «ቪጋን አላችሁ?» ከማለት «ቅቤ ገብቶበታል? መረቁ የሥጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ቶሎ መልስ ያስገኛል።

አንድ አጎት «ካሮትስ ነፍስ የለውም?» ብሎ ይስቃል። አብራችሁ ሳቁ። ከጠየቀ ላሟም ያንን ሁሉ ሣርና እህል በልታ ነው ያደገችው በሉት። ካልጠየቀ ተዉት። ሰው ሥጋውን እያኘከ ስለ እርድ ማውራት ማንንም አሳምኖ አያውቅም።

ድመት ካለቻችሁ እሷን ተዉአት። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ሰውነቷ በበቂ አይሠራም፣ ሲያንሳት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ።

ሐኪም ያዘዘላችሁ መድኃኒት በጄላቲን ከተሸፈነ ዋጡት። ሌላ ዓይነት ካለ ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ ከሌለ የለም። «የሚቻለውን ያህል» የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ሳታውቁ ወተት ያለበት ኬክ ከበላችሁም ያው ነው። በቀጣዩ ማሸጊያውን ትገለብጣላችሁ።

ያቺ ጓደኛዬ ከዓመት በኋላ እንደገና ሞክራለች። በዚህኛው ጊዜ ማቀዝቀዣዋን ሳትነካ መጀመሪያ ሽምብራ ዘፈዘፈች፣ ቢ 12 ገዛች። የመጨረሻው አይብ ከቤቷ የወጣው በአራተኛው ወር ነው፤ በልታ ጨርሳው ሳይሆን፣ ረስታው ሻግቶ።